አራተኛው አቀማመጥ

መምህሩ በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አውቶ መካኒክ ማስተማር ከጀመረ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ምልክት ሳታደርጉ እንዳትፈቱ!» ሳይል ክፍል ገብቶ የወጣበት ቀን የለም። ተማሪዎቹ «ጋሽ ምልክት» ይሉታል። በፊቱ አይሉትም እንጂ እሱም ያውቃል፤ ለነገሩ ደስ ይለዋል። ቤቱም ቢሆን ከምልክት አልዳነም። ጓዳ ያለው መደርደሪያ ላይ እያንዳንዱ ጣሳ የሚቀመጥበት ቦታ በቀይ ቀለም ተከቧል። ሚስቱ አንድ ቀን ስኳሩን በጨው ክብ ላይ ብታስቀምጥ ጉዳዩ እስከ ምሳ ሰዓት ውይይት ሲደረግበት ዋለ።

ሚስቱ የውኃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውኃ ላይ አፍጥጣ ስለምትውል፣ ቤት ስትገባ ምንም ነገር ትኩር ብላ ማየት አትፈልግም። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ትዳራቸው ሰላም የሆነው።

እናቷ አብረዋቸው መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏል። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተው ያደሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ክር ከመርፌ ማገናኘት ሲያቅተው ሱቃቸውን ዘጉ፣ የስፌት መኪናቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ልጃቸው ቤት መጡ። ከመጡበት ቀን ጀምሮ እሳቸውና መምህሩ በመከባበር ሊገዳደሉ ደርሰዋል። እሳቸው «መምህር» ይሉታል፣ በአንቱታ። እሱ «እማማ» ይላቸዋል፣ በአንቱታ። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዜና ሲያዩ የሁለት አገር አምባሳደሮች ይመስላሉ። እሱ የሚያፈላው ሻይ ስኳር ቢበዛበትም ዝም ብለው ይጠጡታል። እሳቸው ደግሞ የሚወደውን አሮጌ ሹራብ ሳያማክሩት አጥብበው ሰፉለት፤ እሱም ትንፋሹን ሰብስቦ ይለብሰዋል። ማንም ለማንም ትንፍሽ አላለም።

እንግዲህ የዕረፍቱ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው። መምህሩ መኪናውን አስነስቶ ማርሽ ሲያስገባ ከሥሯ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ምን እንደሆነ ለማወቅ መውረድ አላስፈለገውም። ከካምቢዮ ተነስቶ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ረጅም የብረት ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ አለው። የኋለኛው ክሮቼራ አልቋል፤ በቃ። አዲስ ገዝቶ መቀየር ነው። እሑድ አማቱን እኅታቸው ዘንድ ለመውሰድ ቃል ገብቷል፣ የሁለት ሰዓት መንገድ፤ እስከዚያ ድረስ ጊዜ ሞልቷል።

መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ድጋፍ አስገብቶላት፣ በጀርባው ተንፏቆ ከሥሯ ገባ። ቡሎኖቹን ከመፍታቱ በፊት ኪሱን ዳሰሰ። ተማሪዎቹን የሚላቸው «በብረት ነጥብ ምቱ፣ ካልሆነም በዘይት ቀለም አስምሩ» ነው። በጠመኔ ያመለከተ ተማሪ ከሱ ዘንድ ማለፊያ ውጤት አግኝቶ አያውቅም። ቀለሙ ግን ጓዳ ነው፣ በክቡ ውስጥ፤ እሱ ደግሞ መኪና ሥር ተጋድሟል። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ጠመኔ ብቻ ነበር።

«ለአንድ ቀን ምን ይመጣል» አለና ዘንጉ ከካምቢዮውም፣ በኋላ ጎማዎቹ መሃል ካለው ዲፈረንሻልም ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ሲመልሰው እንደ ነበረ እንዲገጥም ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አሰመረ። ከዚያ ፈታው። አውጥቶም በረንዳው ላይ ጆንያ አንጥፎ አስተኛውና ክሮቼራ ፍለጋ ሄደ። ባለመለዋወጫው «ነገ ከሰዓት ና» አለው።

አማቱ በረንዳው ላይ ያገኙት ብረት ቁመቱ ከሳቸው ትንሽ ቢያንስ ነው፤ በጭቃና በዓመታት ቅባት ተለብጧል። እጃቸውን አጣምረው መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ከዚህ ቤት ሰዎች ፈቅደውላቸው የሚሠሩት ሥራ ደግሞ ጥቂት ነው። ላምባ አመጡ፣ የልብስ ሳሙና አመጡ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አመጡ። ማክሰኞ ጠዋቱን ሙሉ ሲፈትጉት አረፈዱ። ጠመኔውን ሳያዩት ቀርተው አይደለም። በሳቸው ሙያ ግን ጠመኔ የሚራገፈው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ዘንጉ ከመኪናው ወጥቶ ከተኛ ዘንድ ሥራው አልቋል ብለው አሰቡ።

መሃሉ ላይ ሲደርሱ አንደኛው ቱቦ ሌላኛው ውስጥ እንደሚገባ ልብ አሉ። ሳብ ሲያደርጉት ሸተት ብሎ ወጣ፤ ዘንጉም ለሁለት ሆነ። ውስጡ ጥርስ ጥርስ ነው፤ በጥርሶቹ መሃል ደግሞ የማይታመን ቆሻሻ። እሱንም በብሩሽ አወጡ፣ አደረቁት፣ ለስፌት መኪናቸው የሚጠቀሙበትን ዘይት ጠብ ጠብ አድርገውበት መልሰው ገፉት። ሰተት ብሎ ገባ። የዚያን ቀን የምሳ ፍላጎታቸው ራሱ ጨመረ።

ከሰዓት መምህሩ ክሮቼራውን ይዞ ሲመለስ ዘንጉ እንደ አዲስ ማንኪያ ሲያብረቀርቅ አገኘው።

«እማማ፣ ይሄን… እርስዎ ነዎት?»

«ምን አለበት መምህር፣ እጄ ሥራ ፈትቶ እኮ ነው።»

«አንድ ነጭ ነገር… ጫፉ ላይ…»

«ጠመኔው? እሱማ ምን አለው! ያስቸገረኝ ቅባቱ ነው እንጂ።»

የሃያ አንድ ዓመት ትምህርት በአንድ ጊዜ ጉሮሮው ላይ መጣ። ግን ላምባ ያነጣቸውን ጣቶቻቸውን አየና መልሶ ዋጠው።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። እንዴት ነው ያማረው!»

«ውስጡን ደግሞ ብታየው፣ ማለቴ ቢያዩት፣ እኔ ስስበው…»

መምህሩ አመስግኖ ሳይጨርስ ዘንጉን በትከሻው ተሸክሞ ሄዷል። ምስጋና ማለት ለሱ ሰውን በጨዋ ደንብ ዝም ማሰኛ ነበር።

ክሮቼራውን ቀየረ። ከዚያ ለማሰብ ተቀመጠ። የዘንጉን የፊት ጫፍ አቀማመጥ ቡሎኖቹ ብረቱ ላይ ከተዉት ጭረት ለይቶ አወቀው። የኋላው ጫፍ ግን አማቱ በተለይ የተጠበቡበት ነበርና ጭረት የሚባል ነገር አልተረፈለትም። የኋላው ጫፍ አራት ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ነው። አራት ቀዳዳ፣ አራት አቀማመጥ። አንዱ ትክክል፣ ሦስቱ ስህተት። እየሞከሩ ማግኘት ነው፤ ምን ችግር አለው?

በመሃሉ ያለውን መገጣጠሚያ ጨርሶ አላሰበውም። እሱ አልነቀለውማ! በዘንጉ ሁለት ጫፎች ክሮቼራዎቹን የሚይዙት ሹካ መሳይ ብረቶች በአንድ ፊት ካልተሰለፉ መኪና እንደሚንቀጠቀጥ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እያሳየ ይስለዋል። ግን መኪና ሥር የተኛ ሰው አንዴ ራስጌውን ነው የሚያየው፣ አንዴ ግርጌውን። ሁለቱን ጫፍ ባንድ ላይ ለማየት ከሥሯ ወጥቶ ራቅ ብሎ መቆም ይፈልጋል። መምህሩ ደግሞ ቸኩሏል።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱን ወደ ሥራ ሲያደርስ እስከ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ሰላም ነበር። ስልሳ ላይ መስተዋቱ መርገብገብ ጀመረ፣ ከዚያ መሪው፣ ከዚያ የሚስቱ ጉንጭ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«መንገዱ ነው።»

«ይሄ መንገድ አስፋልት ከለበሰ እኮ ወር አልሞላውም!»

«ለዚያ ነዋ። አዲስ አስፋልት ገና አልረጋም።»

ሚስቱ የሚርገበገበውን ጉንጯን በእጇ ያዘች። ላቦራቶሪ የምትሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ስትሰማ ውስጧ ይታመማል፤ ቢሆንም ለክርክር ገና ጠዋት ነበር።

ከሰዓት ወደ ሁለተኛው አቀማመጥ አዞረው። በዚህኛው ሙከራ አማቱን ይዟቸው ሄደ። የኋላ መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ንቅናቄው የበለጠ ይሰማዋል፤ ስለዚህ እሳቸው እንዲመሰክሩለት ፈለገ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እንዴት ነው እማማ?» አለ ስልሳ ሲያልፍ።

«ደህና ነው መምህር።»

ሰባ ላይ መነጽራቸው ተንሸራቶ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ደረሰ።

«አሁንስ?»

«ደ-ደ-ደህና ነው።»

«አይንቀጠቀጥም?»

«እ-እረ እንዲያውም ያ-ያሳርፋል።»

መምህሩ የሚያስፈልገው የማይዋሽ የመለኪያ መሣሪያ ነበር፤ የደረሰው ጨዋ አማት ነው። እሳቸውም በበኩላቸው ቤት እስኪደርሱ ምሳ ላይ «መንገዱ ነው» ሲል የሰሙትን አስታውሰው፣ የተማረ ሰው መንገዱ ነው ካለ መንገዱ ነው ብለው ራሳቸውን ሲያሳምኑ መጡ። ከመኪናው ሲወርዱ ጉልበታቸው ለብቻው መንቀጥቀጡን አላቆመም ነበር።

ሐሙስ ሦስተኛው አቀማመጥ ተሞከረ። ልዩነት የለውም። መምህሩ ጎማዎቹን ጠረጠረ፤ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረ። የኋላውን መቀመጫ ጠረጠረ። በመጨረሻ ነፋሱንም ጠረጠረ። ሚስቱ ማታውን በአውቶቡስ መጣች፤ «እግር ለማፍታታት ነው» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ዘንጉን እንደገና ፈትቶ በረንዳው ላይ አኖረው። በአራተኛው አቀማመጥ ከማሰሩ በፊት ግን ተስፋው ሊሟጠጥ ነበር። ስለዚህ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ሰው ሊጠይቅ ሄደ። ሦስት መንገድ ተሻግሮ የድሮ ተማሪው ያቋቋመው ጋራዥ አለ። ተማሪው በፍጥነቱ «ፈጣኑ» ይባል ነበር፤ አሁንም ሰው የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። መምህሩ ሲገባ ከአንድ የጭነት መኪና ኮፈን ውስጥ ብድግ አለና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሮጦ መጣ።

«መምህር! ምን እግር ጣለዎት? ወንበር አምጡ እንጂ!»

«አይ፣ አልቀመጥም። እንዲሁ በዚህ ሳልፍ ነው። ለክፍል የማዘጋጀው አንድ ጥያቄ ነበረችኝና፣ በሥራው ላይ ያለ ሰው ምን ይላል ብዬ።»

«ይጠይቁኝ!»

«አንድ ሰው ዘንግ ፈታ እንበል። ምልክቱ ጠፋበት። አቀማመጡን እንዴት ይመልሳል?»

ፈጣኑ ፈገግ አለ። ከኋላው ሁለት ሠራተኞች ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ይሄማ የርስዎ ወጥመድ ነው፤ ድሮም ያውቁበታል! ምልክት አይጠፋም። በቀለም ወይም በነጥብ የተሠራ ምልክት አይጠፋም። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ። ግን ጠፋ እንበል።»

«እንግዲያው በጠመኔ ነው የሠራው።»

መምህሩ እጁን ጠመኔው ካለበት ኪሱ አወጣ።

«በጠመኔ የሚያመለክት ሰው ደግሞ» አለ ፈጣኑ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ የመምህሩን ድምፅ አስመስሎ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «መፍቻውን ያስረክብና መጥረጊያ ይሰጠው!» ሠራተኞቹ ሳቁ። ፈጣኑም ሳቀ። መምህሩም ሳይወድ ሳቀ። ራሱ የተናገረው ነገር በሰው አፍ እንዲህ እንደሚያንገበግብ ከዚያ ቀን በፊት አያውቅም ነበር። ሙሉ ማርክ ሰጥቶት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

በዚህ መሃል ቤት ውስጥ ሌላ ነገር እየሆነ ነው። አማቱ በረንዳው ጥግ ተቀምጠው ድንች ሲልጡ ዓይናቸው ዘንጉ ላይ አረፈ። ክር ከመርፌ አያገናኝ ይሆናል እንጂ ራቅ ያለ ነገር ላይ ያ ዓይን አሁንም የልብስ ሰፊ ዓይን ነው። ድንቹን አስቀመጡ። ተነስተው በስተግርጌው ቆሙና ዘንጉን እስከ ራስጌው ድረስ በአንድ ዓይናቸው አዩት። የዚህኛው ጫፍ ሹካ ሰማይ ሰማይ ያያል። የወዲያኛው ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመናቸው አይተዋል። ለማጅ ልብስ ሰፊ እጅጌ ሲገጥም ይጣመምበታል፤ ልብሱ ተሰቅሎ ሲያዩት ምንም የለውም፤ የለበሰው ሰው ክንዱን ሲያነሳ ነው ጉዱ የሚወጣው። ማን እንዳጣመመውም ወዲያው ገባቸው።

ሚስቱ ዓርብ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው፤ ከአውቶቡስ ወርዳ ግቢ ስትገባ እናቷ ዘንጉን በጉልበታቸው አጣብቀው ሲጎትቱ ደረሰች።

«እማዬ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ነበር። እየፈታሁ ነው።» ነቀሉት። ሁለቱንም ሹካ ወደ ሰማይ አዞሩ፣ አስተካክለው መልሰው ገፉት፣ እንደገና በአንድ ዓይናቸው አዩ። ሁለቱ ሹካዎች ልክ እንደ ሁለት ትከሻ ተሰለፉ።

«እና አንቺ ነሽ? ሳምንቱን ሙሉ ጥርሴን ያንቀጫቀጨው ያንቺ ሥራ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ንገሪው እንጂ!»

«ምን ብዬ? ሦስት ቀን አፈር ላይ ሲንከባለሉ የከረሙት በኔ የተነሳ ነው ልበለው? አስተካክዬዋለሁ፣ አለቀ።»

«ቢነግሩት ይገባዋል እኮ፤ መምህር ነው።»

«መምህር ስለሆነ እኮ ነው» አሉና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

መምህሩ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ማንንም ሳያናግር ዘንጉን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገባና በአራተኛው አቀማመጥ አሰረው። ብቻውን ነድቶ ወጣ። ስልሳ። ሰባ። ሰማንያ። መኪናዋ ወንዝ ላይ እንደምትሄድ ጀልባ ፀጥ አለች። ሲመለስ ግቢው በር ላይ ጥሩንባ ነፋ።

«አራተኛው!» አለ ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «አራተኛው አቀማመጥ ነው! አላልኳችሁም?»

ምንም አላላቸውም ነበር። «እሰይ!» አሉ አማቱ፣ ከልባቸው። ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ እኅትየው ዘንድ ሲሄዱ መምህሩ ሁለቱንም ሰዓት ስለ ትዕግሥትና ስለ ሳይንሳዊ ዘዴ አብራራ። አማቱ ከኋላ ሆነው «ዕውቀት ነው እኮ» ይላሉ። ሚስቱ በመስኮት ውጪ ውጪውን ታያለች። እኅትየውም ቤት ቢሆን አላረፈም፤ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ በአራት ሹካና በአንድ የመጥረጊያ እንጨት እንደገና አስረዳ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ሁሉም በሰላም ይኖር ነበር። ግን ትምህርት ሲከፈት የመምህራን የልምድ ልውውጥ እንዳለ ማስታወቂያ ወጣ። መምህሩ ሦስት ገጽ ወረቀት ጻፈ። ርዕሱ «ምልክቱ የጠፋበትን የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ በአራት ሙከራ ወደ ትክክለኛ አቀማመጡ የመመለስ ዘዴ» የሚል ነው። ድምዳሜው ላይ «ከልምድ እንደታየው አራተኛው ሙከራ አስተማማኝ ነው» ብሏል። ሠላሳ ቅጂ አባዝቶ ቤት አመጣ። ሊያቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ሚስቱንና አማቱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ልምምድ ጀመረ። በዘንጉ ፋንታ የሚታጠፍ ጃንጥላ ይዟል።

አማቱ ገና በአንደኛው ገጽ ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ቤት ውስጥ መሳሳት አንድ ነገር ነው፤ በሠላሳ መምህር ፊት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ጣሪያውን አየች። በሦስተኛው ገጽ ላይ እጃቸውን አወጡ፣ ልክ እንደ ተማሪ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አላዋቂ ነኝ። ይሄ መሃል ላይ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባው…» የጃንጥላውን ቱቦ በጣታቸው አሳዩ። «በየትኛውም ጥርስ ቢገባ ግድ የለውም?»

መምህሩ ደስ አለው። ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ይወዳል።

«እንዴት ግድ አይኖረውም እማማ! ዋናው ነገር እሱ ነው እንጂ። ሁለቱ ሹካዎች ካልተሰለፉ መኪናው እንደ ወባ በሽተኛ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ያኔ የፈለጉትን ያህል ጫፉን ቢያዞሩት ዋጋ የለውም። ግን እሱ ችግር የሚሆነው ተነቅሎ ከሆነ ነው። ማንም ካልነቀለው…»

ቆመ። ሚስቱ የሻይ ብርጭቆዎቹን በሚያስገርም ጥንቃቄ መሰብሰብ ጀምራለች።

«ማንም ካልነቀለው» አለ እንደገና፣ በቀስታ።

«ውስጡም ቆሽሾ ነበር» አሉ አማቱ።

መምህሩ ጃንጥላውን ሶፋው ላይ አስቀመጠና ራሱም አጠገቡ ተቀመጠ።

«ዓርብ ዕለትስ?»

«መልሼ ነቀልኩት።»

«አስተካከሉት?»

«እጅጌ ማለት ነው እኮ። የተጣመመ እጅጌ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?» ድምፁ ከፍ አለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሦስት ቀን እማማ! ጎማ አዛወርኩ! እዚያ ጋራዥ ሄጄ ተዋረድኩ! አስፋልቱን ሰደብኩ!»

«ልነግርህ ስል ታመሰግነኛለሃ!» አሉ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አፌን በከፈትኩ ቁጥር እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ እማማ! እንዴት አድርጌ ልናገር? አንተ ልጅ፣ ምስጋናህ እኮ ሰው ያፍናል!»

ሦስቱም «አንተ» የሚለውን ቃል ሰሙት። አማቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሊይዙ ሞከሩ። መምህሩ ግን ያን ጊዜ የመጣበት ንዴት ወዴት እንደሄደ ራሱም አላወቀም። የሆነ ነገር ከላዩ ላይ የወረደለት መሰለው።

«እንግዲያውስ» አለ፣ «ሹራቤን ለምን አጠበቡብኝ?»

«ሰፍቶህ ነበራ! ጆንያ መስለህ ነበር።»

«መተንፈስ አልቻልኩም እኮ!»

«ታዲያ ስትለብሰው የኖርከው ምን አስጨንቆህ ነው? አምጣው፣ እፈታልሃለሁ። አንተም ያንን ሻይ ስኳር ቀንስለት፤ ሽሮፕ ነው የምታጠጣኝ።»

ሚስቱ ብርጭቆዎቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እስክታለቅስ ሳቀች።

በማግስቱ መምህሩ እውነቱን እስከ መጨረሻው ማወቅ ፈለገ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ የዘንጉን የኋላ ጫፍ ወደ አንደኛው አቀማመጥ መለሰና ነዳ። ሰማንያ ላይ ፀጥ ያለች ናት። ወደ ሁለተኛው አዞረ፤ ፀጥ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ለሱ መኪና አራቱም ያው ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ሲፈልግ የከረመው ነገር ገና ከመጀመሪያው ያልጠፋ ነበር።

ሚስቱ «ታምሜአለሁ በልና ቅር» አለችው። አልቀረም። በልምድ ልውውጡ ቀን ሦስቱን ገጽ ቤት ትቶ ባዶ እጁን ወጣና የሆነውን ሁሉ ተናገረ፦ ጠመኔውን፣ ላምባውን፣ አስፋልቱን፣ ጋራዡን። አራተኛው አቀማመጥ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ላይ ማየት እንደሚገባ፣ ይህንንም ያሳዩት አማቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እንደሆኑ ተናገረ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዳይሬክተሩ እንባውን እየጠረገ መጥቶ ጨበጠው። «እንዲህ ቀልድ እንደምትችል አላውቅም ነበር! አማት ጨምረህበት እንዴት አድርገህ ነው ያጣፈጥከው!»

«እውነቴን ነው» አለ መምህሩ።

«እሱ ነዋ የሚያስቀው!»

የትምህርት ቤቱ መጽሔት አዘጋጅ ንግግሩን በጽሑፍ ጠየቀውና መምህሩ እንደ አዲስ ጻፈለት። ከሳምንት በኋላ አዘጋጁ ረቂቁን ይዞ መጣ። ሁሉም ነገር ጥሩ ነው፤ አማቱን የሚያመሰግነው ዐረፍተ ነገር ብቻ በቀይ ተሰርዟል። የመረጃ ምንጭ የትምህርት ደረጃ ሊኖረው ይገባል ተብሏል። «አንድ ባለሙያ እንበላቸው?» አለ አዘጋጁ።

«ልብስ ሰፊ በላቸው።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው አታውጣው» አለ መምህሩ፤ አልወጣም። ተማሪዎቹ ግን በእጅ እየገለበጡ ተቀባበሉት፤ በዚያ ሴሚስተር ፈተና ላይ «ምልክቱ የጠፋበትን ዘንግ ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «መጀመሪያ ማን እንዳጠበው እጠይቃለሁ» ብለው መለሱ። መምህሩ ለረጅም ጊዜ ካሰበበት በኋላ ግማሽ ማርክ ሰጣቸው።

የተሳሳተው የመጀመሪያ ጽሑፍ ሠላሳ ቅጂ ሳሎን ጥግ ላይ ተቆልሎ ቀረ። አንድ ቅዳሜ አማቱ ክምሩ አጠገብ ቆሙ።

«ይሄን ትፈልገዋለህ?»

«አልፈልገውም። ስህተት ነው።»

«ስህተቱ ጽሑፉ ላይ ነው። ወረቀቱ ምን አደረገ?»

ገጾቹን በማጣበቂያ እያያያዙ ወለሉን የሚሸፍን ትልቅ ወረቀት አደረጉትና ለልጃቸው ቀሚስ መቁረጫ ንድፍ ሊያወጡበት ተንበረከኩ። ወረቀቱ እየሸሸ ስላስቸገራቸው መምህሩን ጠርተው ጥጉን ያዝ አሉት። ተንበርክኮ ያዘላቸው።

«እዚህ ጋ ሰፋ ቢያደርጉት አይሻልም?» አለ የቀሚሱን ወገብ እያየ።

መቀሱን አቁመው ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«አንተ ዝም ብለህ ያዝ» አሉት።